«ሀ» ከቦታው አልተነሳም



አባቴ እኔ ሳልወለድ በኮምፒውተር የጻፈውን የአማርኛ ደብዳቤ ሰሞኑን ብከፍተው ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ሆነብኝ። ለምን መሰላችሁ? ያኔ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ነበር የሚያስቀምጡት። ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ፊደላችንን ሲያስገባ «ሀ» 4608 የሚል ቁጥር አገኘች። በ2005 ተጨማሪ ፊደላት ሲገቡ አዲስ ቦታ ተሰጣቸው እንጂ «ሀን» ማንም አልነካትም።

ፕሮግራም የምንጽፍ ልጆች፣ እኛም እንዲሁ እናድርግ። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ኮድ፣ ላይብረሪ የምንለውን፣ ስናሻሽል አዲሱን እንጨምር፤ የድሮውን ትእዛዝ ግን ወዲያው አንሰርዝ። የማናውቀው ሰው ሥራ በእሱ ላይ ቆሟል። መለወጥ ግድ ከሆነም አስቀድመን እንናገር፣ ጊዜም እንስጥ።

የአባቴን ደብዳቤ እስካሁን አላነበብኩትም። የእኛን ግን ልጆቻችን ያንብቡት።