ባሕር በሌለበት ከተማ የባሕር ውሃ
በጋምቤላ መኖሪያ ቤት ስለሚቆም አነስተኛ የዓሣ ገንዳ የቀረበ ንግግር



ከጋምቤላ ተነሥቶ የባሕር ውሃ በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው ጂቡቲ እስኪደርስ በመኪና ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። ባሮ ግን መንገዱን ያለ መኪና ያውቀዋል፤ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፣ ሶባትም ነጭ ዓባይን ተቀላቅሎ በካርቱም በኩል እስከ ሜዲትራኒያን ይዘልቃል። ባሕሩም በበኩሉ ወደ ጋምቤላ የመጣበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ይዘው ከሚመጡት ዕቃ አንዱ ደግሞ ጨው ነበር።

ይህ ንግግር የሚመለከተው አነስ ያለ ጉዳይ ነው፤ አንድ መሐንዲስ በጋምቤላ ከተማ በመኖሪያ ቤቱ መቶ ሊትር ያህል የባሕር ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ቢያቆም ምን ይገጥመዋል? ገንዳው ትንሽ ቢሆንም በውስጡ የሚኖረው ፍጥረት መውጫ የለውም። በስሌት የተሠራ ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ በማግሥቱ ጠዋት ተንሳፎ ይገኛል።

በቅድሚያ ውሃው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የባሕር ዓሣን በመስታወት ገንዳ ማኖር በለንደን ፋሽን በሆነ ጊዜ፣ ከባሕር ርቆ የሚኖረው ሰው የባሕር ውሃ በበርሜል ያስጭን ነበር። ፊሊፕ ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ግን ጥቂት ጨዎችን ከንጹሕ ውሃ ጋር በመቀመም ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ማዘጋጀት እንደሚቻል በዚያው ዘመን አሳየ። በ1884 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲትማር የተባለው ኬሚስት ቻሌንጀር የተሰኘችው መርከብ ከዓለም ውቅያኖሶች የሰበሰበቻቸውን 77 ናሙናዎች መርምሮ፣ የጨው መጠን ከቦታ ቦታ ቢለያይም የዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ምጣኔ እርስ በርሱ አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ለገንዳ ሠሪ ከዚህ የሚበልጥ መልካም ዜና የለም፤ አንድ ቅመም ለሁሉም ባሕር ይሆናልና።

አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ከዚህ ውስጥ ክሎራይድ 19.4፣ ሶዲየም 10.8፣ ሰልፌት 2.7፣ ማግኒዥየም 1.3፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም ገደማ ናቸው። እንግዲህ ከአፍዴራ የመጣ የወጥ ቤት ጨው በውሃ በጥብጦ ባሕር አገኘሁ ማለት ከንቱ መሆኑ ከዚሁ ይታያል፤ ሶዲየምና ክሎራይድ ሞልተው ሌላው ሁሉ ይጎድላል። ለገንዳ ተብሎ የተቀመመውን ጨው ከውጭ ማስመጣት ግዴታ ነው፤ ለመቶ ሊትር 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። ጨው ፈራሽ ጭነት ስላልሆነ የዓመት ስንቅ በአንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይዞ መውረድ ይቻላል።

መበጥበጫው ውሃ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። የባሮ ውሃ ጨው ያነሰበት በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በክረምት ግን ደለል ስለሚሸከም በፕላስቲክ በርሜል አዝቅጦ ማጣራት ያስፈልጋል። በቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብ ዚንክ፣ በመዳብ ቧንቧ የቆየ ውሃ ደግሞ መዳብ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለቱም ለቀንድ አውጣና ለሸርጣን መርዝ ናቸው። ክሎሪን የገባበት የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ሳይወገድለት አይገባም። ቅመሙ በሌላ ዕቃ ተበጥብጦ፣ ቢያንስ አንድ ቀን በፓምፕ እየተናወጠ ከዋለ በኋላ ነው ወደ ገንዳው የሚገለበጠው።

የመስታወቱ ጉዳይ ለዚህ ጉባኤ ቀላል ነው። ቁመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እስከ 36 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ መቶ ሊትር ይይዛል። በፊተኛው መስታወት ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 520 ኒውተን ነው። ውሃው፣ መስታወቱና ድንጋዩ ተደምረው 140 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህም ለመኖሪያ ቤት ወለል ከሚታሰበው የተለመደ ጭነት እጥፍ ይበልጣል። ምድር ቤት ወለል ላይ ግድግዳ ተጠግቶ ቢቀመጥ ግን የሚያሰጋ ነገር የለም።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የለመደው የኮራል ባሕር ዓሣ፣ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋበት ከተማ ሊኖር ነው። ስለ ዓሣ ገንዳ የተጻፉት አብዛኞቹ መጻሕፍት የብርድ አገር ሰዎች የጻፏቸው በመሆናቸው ስለ ማሞቂያ በሰፊው ይተርካሉ፤ የጋምቤላው ሰው እነዚያን ገጾች ዘልሎ ቢያልፍ አይጎዳም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የገንዳው ጎኖችና ወለሉ በድምሩ 1.1 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። አየሩ ከውሃው በ5 ዲግሪ ቢበልጥና በመስታወቱ የሚያልፈው ሙቀት በካሬ ሜትርና በዲግሪ 8 ዋት ቢሆን፣ ወደ ውሃው የሚገባው 44 ዋት ነው። በሌላ በኩል አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2,430 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በቀን አንድ ሊትር ማለት ያለማቋረጥ 28 ዋት ማለት ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቢተን የመስታወቱን ሙቀት ይመልሳል፤ ፓምፑና መብራቱ ከሚጨምሩት ጋር ሁለት ሊትር ብሎ መያዝ ይሻላል። ለዚህም በገንዳው አፍ ላይ የሚነፍስ አነስተኛ ቬንቲሌተር ይበቃል። መንደርተኛው ውሃን በሸክላ እንስራ ሲያቀዘቅዝ የኖረው በዚሁ ሕግ ነው። ከዚህ ዘዴ የሚገኘው ቅዝቃዜ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር ይናገራል። በደረቁ ወራት ይህ ንባብ ከአየሩ በጣም ዝቅ ስለሚል ዘዴው የሚሠራው በጣም በሚያስፈልግበት ወቅት ነው። በክረምት አየሩ ሲረጥብ ኃይሉ ይደክማል፤ ደግነቱ ያን ጊዜ ሙቀቱም ይበርዳል።

ነገር ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። በቀን ሁለት ሊትር እየጎደለ ማንም ሳይሞላው አምስት ቀን ቢያልፍ፣ 35 የነበረው የጨው መጠን ወደ 39 ግራም ይጠጋል። የጎደለውን መተካት የሚገባው በጨው ውሃ ሳይሆን ጨው በሌለበት ውሃ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከገንዳው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጀሪካንና እንደ ውሃ ታንከር ያለ ተንሳፋፊ መዝጊያ ሥራውን ያቃልላል። በሃይድሮሜትር የሚለካም ሰው መሣሪያው በስንት ዲግሪ እንደተስተካከለ ማየት አለበት፤ ያው ውሃ በ30 ዲግሪ ሲለካ ከ25ቱ ይልቅ የቀለለ መስሎ ይታያልና።

ሙቀት ብቻውን አይመጣም። በ30 ዲግሪ፣ በጋምቤላ 520 ሜትር ከፍታ፣ አየር የጠገበ የወንዝ ውሃ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ የባሕር ውሃ ከ6 ያነሰ ይይዛል። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያም ሌላ ነው። አሲድነቱ መካከለኛ በሆነ፣ ፒ ኤች 7 በሆነ ውሃ ከአሞኒያው መርዛማ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ፒ ኤች 8.2 በሆነው የባሕር ውሃ ግን በ25 ዲግሪም ቢሆን ከመቶ 6 እጅ በላይ ይደርሳል፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ እስኪረቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በእነዚህ ሳምንታት ገንዳው ባዶውን ይታያል፤ እንግዳም ዓሣው የት አለ ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቅ እንግዳ ስላለ ዓሣ ማስገባት አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። 3 ዋት የሚወስድ በቀጥታ ጅረት የሚሠራ የአየር ፓምፕ ለ12 ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢያወጣ እንኳ 42 ይሰጣል። ባትሪው ገንዳው ከመሞላቱ በፊት የሚገዛ እንጂ ከመጀመሪያው ጉዳት በኋላ የሚታሰብ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚገኘው ውጤት ሁለት ትናንሽ ዓሦችና ጥቂት ቀንድ አውጣ ነው፤ ኮራሉ በዚህ ሙቀት ባይሞከር ይመረጣል። ሊሠራ ይችላል፤ የሠራውም ሰው ሊኮራበት ይገባል። ሆኖም በባሮ ዳር ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ገንዳ የባሕር መሆን አለበት ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ አይደለም ነው። የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ በኢትዮጵያ በዓሣ ዓይነት እጅግ ከበለጸጉት አንዱ ነው። ቆሮሶና አምባዛ በየገበያው የታወቁ ናቸው። ደካማ የኤሌክትሪክ ምት እየላኩ በጨለማና በድፍርስ ውሃ አካባቢያቸውን የሚያውቁ ዓሦችም በዚያው አሉ፤ የኤሌክትሪክ አምባዛ የሚባለው ደግሞ 300 ቮልትና ከዚያም በላይ ሊያመነጭ ይችላል። ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ የቤት እንግዳ ከቀይ ባሕር አይመጣለትም፤ እጁን ወደ ውሃው ሲሰድ ብቻ ይጠንቀቅ።

እነዚህ ዓሦች ለሙቀቱ የተፈጠሩ ናቸው። ጨው መመዘን የለም፤ ለስላሳው ውሃም የአሞኒያውን ጉዳት ያቀለዋል። አምባዛና በጀርባው ላይ ተርታ እሾሃማ ክንፍ ያለው ቢሺር ኦክስጅን ሲያንሳቸው ወደ ላይ ወጥተው አየር ስለሚስቡ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የባለቤቱ እንቅልፍ ይረዝማል። ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ግን ከእነርሱ ጋር አይደባለቅ፤ ሰልችቶትም ወደ ወንዙ የሚጥለው አይኑር። ክዳኑም በደንብ ይገጠም፤ አምባዛ በሌሊት ከገንዳው ወጥቶ በእርጥብ ወለል ላይ ረጅም መንገድ መሄድ ይችላልና።