ብሔራዊ ፈተናና የዝግጅቱ ዘመን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ድልድይ ጭነት ከመሸከሙ በፊት መሠረቱ መቆፈር፣ ብረቱ መታሰር፣ ኮንክሪቱም ጊዜውን ጠብቆ መጠንከር እንዳለበት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ንድፉ የሚሰላው ኮንክሪቱ በ28ኛው ቀን በሚኖረው ጥንካሬ ስለ ሆነ፣ በተሞላ ማግሥት ጭነት የሚጭንበት መሐንዲስ አይገኝም። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲመጣ ግን ይህ ጥንቃቄ የተዘነጋ ይመስላል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ወላጆች ዛሬም «ማትሪክ» እያሉ የሚያስታውሱት፣ ውጤቱ ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይሰጥ የነበረው የመልቀቂያ ፈተና የብዙ ሰው ዕድል የተወሰነበት ነበር። ስሙና አሰጣጡ ከዘመን ወደ ዘመን ቢለዋወጥም፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር እርሱ መሆኑ አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. ጥያቄዎቹ አስቀድመው በመውጣታቸው ፈተናው ተሰርዞ እንደገና እንዲሰጥ ሆኗል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይኸው አኃዝ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዳቸው ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

የአኃዙን ትርጉም በሚገባ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። 100 ጥያቄዎች ያሉት፣ እያንዳንዱም አራት ምርጫ የቀረበለት ፈተና ይታሰብ። ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት ቢያጠቁር በአማካይ 25 ያገኛል። 34 ጥያቄዎችን በእርግጥ የሚያውቅ ተማሪም የቀሩትን 66 በግምት ቢሞላ 16 ያህል ስለሚጨምርለት 50 ይደርሳል። እንግዲህ ግማሽ ውጤት የሚጠይቀው እውቀት ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። ከመቶው ተፈታኝ 90 የሚሆነው እዚህ ካልደረሰ፣ ጉድለቱ በፈተናው ሰሞን የተፈጠረ ሊሆን አይችልም። ሚዛን እህሉን ይመዝናል እንጂ አያበቅለውም።

ይሁን እንጂ የተለመደው ዝግጅት «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚያሰኝ ነው። ተማሪው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሳይገባው ያለፈውን ትምህርት በ12ኛ ክፍል የመጨረሻ ወራት ሊጨብጥ ይታገላል። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ተባዝተው ይሸጣሉ፤ መልሳቸውም በቃል ይጠናል። ያለፉ ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት የሚጠቅም ልምምድ መሆኑ አይካድም፤ የጊዜ አጠቃቀምን ያስተምራል፣ ድክመትንም ያሳያል። ነገር ግን መልሱን የሚያጠና ተማሪ ቁጥሩ ሲቀየርበት ይጠፋዋል። በዚህ ላይ ፈተናው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ፊዚክሱን እያወቀ ጥያቄውን ባለመረዳት የሚወድቅ ጥቂት አይደለም።

የእውነተኛውን ዝግጅት መልክ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ተማሪ የፔንዱለምን ቀመር በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ቢያወዛውዝ ግን፣ ድንጋዩ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሴኮንድ ያህል እንደሚፈጅበት በዓይኑ ያያል። ገመዱን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ቢያሳጥረው ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ለምን ሩብ እንዳልሆነ ሲጠይቅ የካሬ ሥር ምን እንደ ሆነ ይገባዋል። ወጪው ገመድና ድንጋይ ነው፤ የጎደለው ግን አጠገቡ ቆሞ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

የማኅበሩ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ ዛሬ ተማሪ ማሳለፍ ካቃታቸው ትምህርት ቤቶች በማይለዩ፣ ጣራቸው በሚያፈስ ክፍሎች ውስጥ ተምረው የወጡ ናቸው። እያንዳንዱ አባል በየክረምቱ ለተማረበት ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ቢሰጥ፣ ያውም ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ብቻ ሳይሆን ለ9ኛ ክፍል ጀማሪዎች ቢሰጥ፣ ፍሬው ከሦስት ዓመት በኋላ ይታያል። የፈተናው አንድ ክፍል ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወገዱ ኮምፒዩተሮችን ጠግኖ ለትምህርት ቤቶች ማድረስም ለመሐንዲስ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ድልድይ ሲሰነጠቅ መሐንዲሱ ይጠየቃል። ወጣት በሺሕና በመቶ ሺሕ ሲወድቅ ግን ተጠያቂው ወጣቱ ብቻ እንዲሆን መፍቀድ፣ መሠረት መጣልን ሙያዬ ብሎ ለያዘ ማኅበር የሚገባ አይደለም።