ከቁርጡባ እስከ ገርናጧ፦ በመካከል ያለው መንገድ



በአውሮፓ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ስፔን ለመሄድ ያቅዳሉ። ዕቅዱ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ስም ያልቃል፤ ቁርጡባና ገርናጧ፣ ማለትም የዛሬዎቹ ኮርዶባና ግራናዳ። በመጀመሪያው ከተማ ታላቁን መስጂድ፣ በሁለተኛው አልሐምራን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው። በመካከል ያለውን መንገድ በሁለት ሰዓት ከምናምን ይጨርሱታል፤ ልጆቹም ከኋላ ወንበር ላይ ተኝተው ያልፉታል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ስለሚተኛበት መንገድ ነው።

ሁለቱ ከተሞች የአንድ ዘመን ሥራ አይደሉም። የቁርጡባን መስጂድ ያስጀመረው፣ ከቤተሰቡ እልቂት አምልጦ አንደሉስ የገባው ቀዳማዊ ዓብዱረሕማን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 785 ገደማ ነበር። ቁርጡባ በካስቲላው ንጉሥ እጅ የወደቀችው በ1236 ሲሆን የአልሐምራ ግንባታ የተጀመረው ደግሞ በ1238 ነው። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ተጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ቤታቸውን ጥለው ወደ ደቡብ የተሰደዱ ሙስሊሞች መንገድ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ ሁለት የሚያማምሩ ሕንፃዎች ብቻ አይቶ ይመለሳል።

እንግዲህ አራት ቀን ያላችሁ አንዱን ለቁርጡባ፣ አንዱን ለመንገዱ፣ ሁለቱን ለገርናጧ ብትመድቡ መልካም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን አይመከሩም። የቁርጡባ ሙቀት በነዚያ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሕፃናትንና አዛውንቶችን ይዞ በድንጋይ መንገድ ላይ መዞር ከባድ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ስላላቸው የግድ በበጋቸው የምትሄዱ ከሆነ ማለዳውን ለጉብኝት፣ ቀትሩን ለዕረፍት አድርጉት፤ የሀገሩ ሰው ራሱ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ያርፋል።

ወደ መስጂዱ ስትገቡ ከ850 በላይ የሚሆኑ ዓምዶች ያሉት፣ ቀይና ነጭ ቅስቶቹ እንደ ተምር ደን የተያያዙ ሕንፃ ታያላችሁ። ዛሬ ካቴድራል ነው፤ ሙስሊም በውስጡ እንዲሰግድ አይፈቀድም። በ2010 ከኦስትሪያ የመጡ ሙስሊም ጎብኚዎች ሊሰግዱ ሲሉ ከጠባቂዎች ጋር ተጋጭተው የታሰሩም ነበሩ። እኛ የምንለው፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ዓይነት ጠብ አትዳርጓቸው ነው። ሶላታችሁን በኮሎን መናፈሻ ውስጥ ባለችው ትንሽ መስጂድ ስገዱ፤ ወደ ታላቁ መስጂድ የምትገቡት ልታዩና ልታስተውሉ ይሁን። ኮምፓስ ያለው ልጅ ካለ ደግሞ በሚሕራቡ ፊት ያውጣው። ከትክክለኛው የመካ አቅጣጫ ይልቅ ወደ ደቡብ ያዘነበለ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል፤ ለምን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ከሚሕራቡ ይበልጥ ግን አንድ ሰው አስታውሱ። በየመስጂዶቻችን መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ታላቅ ተፍሲር ባለቤት ኢማም አል-ቁርጡቢ የዚህች ከተማ ልጅ ናቸው። በ627 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን፣ ሕዝቡ በየዐውድማው ላይ ሳለ ወራሪ ጦር በማለዳ ደረሰ፤ ከተገደሉት መካከል የኢማሙ አባት አሉበት። አባታቸው እንደ ሸሂድ ሳይታጠቡ ይቀበሩ ወይስ ይታጠቡ? ኢማሙ ለመምህሮቻቸው ጥያቄውን አቀረቡ፤ የተለያየ መልስም አገኙ። ይህን ሁሉ በተፍሲራቸው ውስጥ ራሳቸው ጽፈውታል። ኋላም ወደ ግብፅ ተሰደው እዚያው በ671 ዓመተ ሂጅራ ዐረፉ። አንድ አባት ይህን ታሪክ በከተማይቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ለልጁ ቢነግረው ልጁ ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለውን ስም ከዚያ በኋላ እንደ ባዕድ አያየውም።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። ፈጣኑን አውራ ጎዳና ትታችሁ ኤን-432 የተባለውን መንገድ ያዙ፤ እስከ ገርናጧ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፔናውያን ይህን አቅጣጫ ለጎብኚዎች የኸሊፋነት መንገድ ብለው ሰይመውታል። ከቁርጡባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባኤና አለች፤ በወይራ ዘይቷ የታወቀች ናት። ከዚያ በኋላ ዓይን እስኪደክም ድረስ ኮረብታው ሁሉ በሰልፍ የተተከለ ወይራ ነው። ልጆቹ የሀገሩ ሰው ዘይትን ምን ብሎ እንደሚጠራ ይጠይቁ፤ አሴይቴ ይላቸዋል፣ አዝ-ዘይት ማለት ነው። የመስኖውን ቦይ አሴኪያ ይሉታል፣ አስ-ሳቂያ ነው። ሰዎቹ ተባረሩ፤ ቃላቶቻቸው ግን ከገበሬው አፍ አልወጡም።

ከባኤና ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ከገደል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችውን ነጭ መንደር ሱኤሮስን፣ ቀጥሎም ፕሪዬጎን እዩ። በፕሪዬጎ ያለው አሮጌ ሰፈር ጠባብ መንገዶቹ ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው እንግድነት እንዳይሰማው ያደርጋሉ። ለማደሪያም ጥሩ ቦታ ነው። ከዚያ በኤ-339 መንገድ አልካላ ላ ሬያል ትደርሳላችሁ፤ አልካላ አል-ቀልዓ ነው፣ ምሽጉ። ይህ ምሽግ በ1341 ከተወሰደ በኋላ 150 ዓመት ያህል የሁለት መንግሥታት ድንበር ሆኖ ኖረ። በዙሪያው ባሉ ኮረብታዎች ጫፍ ላይ ብቻቸውን የቆሙ ማማዎች ይታያሉ፤ ጠላት ሲመጣ ቀን በጭስ፣ ሌሊት በእሳት የሚነጋገሩባቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ መኪናውን አቁሙልን። የቆማችሁበት የኻኤን ክፍለ ሀገር ነው፤ በዐረቦቹ አጠራር ጀይያን። በወሎ ሐሪማዎች ነሕው የቀራ ደረሳ ይህን ስም ሲሰማ ቀና ይላል፤ አንድ ሺህ ያህል ስንኞቿን በቃል የምንሸመድዳት የአልፊያ ደራሲ ኢብን ማሊክ የጀይያን ተወላጅ ናቸውና። ወደ ምሥራቅ ተሰደው በ1274 በደማስቆ ዐረፉ። ስንቶቻችን ነን አልፊያን በቃላችን ይዘን ባለቤቷ ከየት እንደመጡ ያልጠየቅነው?

ስለ ሶላትና ምግብ ባጭሩ። የመንገዱ ርቀት ለቀስር ይበቃል። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙሁርንና ዐስርን ማጣመር ይቻላል፤ የሐነፊይ ተከታይ ደግሞ ዙሁርን ወደ ወቅቱ መጨረሻ አዘግይቶ ዐስርን በመጀመሪያው ወቅት ይሰግዳል። በምግብ በኩል የአሳማ ሥጋ ባልጠረጠራችሁት ቦታ ሁሉ ይገኛል። ሳልሞሬኾ የሚባለው የቁርጡባ የቲማቲም ሾርባ ከላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል፤ ያለ እሱ ለማዘዝ «ሲን ኻሞን» በሉ። ማንቴካዶ የተባለው ብስኩት በአሳማ ስብ የተጋገረ ስለሆነ ለልጆች አትግዙ። ዳቦ፣ የወይራ ዘይት፣ ዓሣና ፍራፍሬ ግን ሞልቷል።

ገርናጧ ስትደርሱ የአልሐምራ ትኬት በእጃችሁ መኖር አለበት። ከሳምንታት በፊት በኢንተርኔት ይገዛል፤ በስምና በፓስፖርት ቁጥር ስለሚመዘገብ ፓስፖርታችሁን ያዙ። ወደ ናስር ቤተ መንግሥቶች የምትገቡበት ሰዓት ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ሰዓቱ ካለፈ አለፈ። በግድግዳዎቹ ላይ «ወላ ጋሊበ ኢለላህ»፣ ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም የሚለውን ጽሑፍ ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ያንብቡት።

የከተማይቱ አስረካቢዎች በኅዳር 1491 በተፈረመው ውል ሃይማኖታቸው፣ መስጂዶቻቸውና ዳኞቻቸው እንዳይነኩ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። በጥር 1492 ቁልፉን አስረከቡ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ የዐረብኛ መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ፣ ሕዝቡም በግድ ተጠመቀ። በ1504 አንድ የወህራን ተወላጅ ዓሊም ለነዚህ ሰዎች በጻፉት ፈትዋ፣ በግልጽ መስገድ ያልቻለ በምልክት እንዲሰግድ፣ ውሃ መንካት የሚያስጠረጥረውም ግድግዳ ዳብሶ ተየሙም እንዲያደርግ አስተማሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እስከ 1609 ድረስ እንዲህ ቆዩ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ 300,000 ያህል ሰው ከሀገሩ ተባረረ።

ገርናጧ ለኛ ለሐበሾችም የቀረበ ስም አላት። የአል-በሕር አል-ሙሒጥ ተፍሲር ባለቤት አቡ ሐይያን የገርናጧ ሰው ናቸው፤ ካይሮ ተቀምጠው ስለ ሐበሻ ቋንቋ መጽሐፍ እንደጻፉ የሕይወት ታሪካቸውን ያቆዩልን ዑለማ መዝግበዋል። መጽሐፉ እጃችን አልገባም።

የመጨረሻውን ቀን ማታ ለአልባይሲን ሰፈር አቆዩት። ለነዋሪ ያልሆነ መኪና ስለማይፈቀድ መኪናችሁን ከታች ትታችሁ በእግር ውጡ። ከኮረብታው ላይ በ2003 የተከፈተ መስጂድ አለ፤ ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ በገርናጧ የተሠራ የመጀመሪያው ነው፤ ለመሥራትም ከ20 ዓመት በላይ ጠይቋል። ከሚናራው ላይ ሙአዚኑ ያለ ድምፅ ማጉያ ያዛናል። ከመግሪብ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ከአትክልቱ ሥፍራ ፊት ለፊት አልሐምራ ይታያል፣ ከበስተኋላውም በረዶ የለበሰው ተራራ።