የክፍት ስፖርት መኪና ጥንካሬና ደህንነት ታሪክ

ጣሪያው የሚከፈት መኪና (ኮንቨርቲብል) ከተዘጋው በዕድሜ ይቀድማል። በአውቶሞቢል የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች ክፍት ነበሩ፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይዘረጋል፣ ሲያባራ ይታጠፋል። በአሜሪካ የተዘጉ መኪኖች ክፍቶቹን በቁጥር የበለጡት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። በዚያ ዘመን ጣሪያ ኖረ አልኖረ ለመኪናው ጥንካሬ ብዙም ለውጥ አያመጣም ነበር። ሸክሙን የሚችለው ከሥር የተዘረጋው ሻንሲ ሲሆን፣ ከእንጨትና ከላሜራ የተሠራው ካሮሰሪ እላዩ ተጭኖ ይሄዳል እንጂ ሻንሲውን እምብዛም አያግዝም።

ይህ የተለወጠው ሻንሲና ካሮሰሪ ተዋህደው አንድ አካል ሲሆኑ ነው። የሚገርመው፣ በዚህ መንገድ ከተሠሩት ቀዳሚ መኪኖች አንዱ፣ ጣሊያናዊው ቪንቼንሶ ላንቻ በ1922 ለሕዝብ ያሳየው ላምዳ፣ ራሱ ክፍት ነበር። ላንቻ ከጣሪያ የሚያገኘው ድጋፍ ስላልነበረ የመኪናውን ሁለት ጎኖች ከፍ አድርጎ ከብረት ሠራቸው፤ በሮቹም በዚያው ልክ አጠሩ። ከእሱ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነድፉት ባለጣሪያውን ሆነ፤ ኮንቨርቲብሉ የሚወጣው ከዚያ ላይ ጣሪያው ተቆርጦ ሲነሳ ነው። የክፍት መኪና ችግር በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንድ ወጥ አካል ባለው መኪና ጣሪያው ከምሰሶዎቹ ጋር ሆኖ ወለሉ እንዳይጠማዘዝ ይይዛል። ጣሪያው ሲነሳ ይህ ሥራ በወለሉና ከበሮቹ ሥር ባሉት የጎን ብረቶች ላይ ይወድቃል። አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ሲመታ የፊት መስታወቱ ፍሬም ይንቀጠቀጣል፣ መሪው እጅ ላይ ይርገበገባል፣ በሩም ከማቀፊያው ጋር እየተፋተገ ይንቋቋል። የጎን ብረቱን ዝገት የበላው አሮጌ ኮንቨርቲብል አንድ ጥጉ በክሪክ ሲነሳ በሩ አልዘጋም የሚልበት ጊዜ አለ። ልምድ ያለው በያጅ የዛገውን ከመቁረጡ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት የሚወጥረው ለዚህ ነው፤ አለዚያ መኪናው መሐሉ ላይ ይጎብጣል።

መጠማዘዝ ከምቾት ያለፈ ጉዳት አለው። ሞላዎቹና ሾክ አብዞርበሮቹ የተመጠኑት የታሰሩበት አካል አይነቃነቅም ተብሎ ነው። አካሉ ራሱ ሞላ ሲሆን መኪናው ኩርባ ላይ ለመሪ የሚሰጠው ምላሽ ይዘገያል፤ ነጂውም ጎማዎቹ ምን ያህል መሬት እንደያዙ በቅጡ አይሰማውም። መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት ብረት መጨመር ብቻ ነበር፤ ብረት ሲጨመር ደግሞ መኪናው ይከብዳል።

በቀላሉ መገልበጥ ግን ከመጠማዘዝ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ብዙ ጊዜ ይታያል። መገልበጥን በዋናነት የሚወስኑት በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋትና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታ ናቸው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ጀምሮ ለሚሰጠው የመገልበጥ ደረጃ መነሻው ይኸው ሲሆን፣ ስፋቱ ለከፍታው እጥፍ ይካፈላል። ውጤቱ ለረጃጅም የመስክ መኪኖች ብዙ ጊዜ 1.1 ወይም 1.2 አካባቢ ነው፤ መሬት ለመሬት የሚሄድ ስፖርት መኪና ግን በአብዛኛው 1.4ን ያልፋል። ጣሪያው ሸራ ሲሆን ከላይ ያለው ክብደት ስለሚቀንስ ኮንቨርቲብሉ በዚህ ረገድ ከባለጣሪያው ወንድሙ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ክፍት ስፖርት መኪና መንገድ ይስታል የሚለው ስም ከየት መጣ? ለዚህ ከሁሉ በላይ ተጠያቂው በአንዳንድ ታዋቂ ሞዴሎች ላይ የነበረው የኋላ አክስል ነው። በ1962 ለገበያ የቀረበው የእንግሊዙ ትራያምፍ ስፒትፋየር የኋላ ጎማዎቹ የተያዙት ዲፈረንሻሉ አጠገብ ብቻ በሚታጠፉ ግማሽ አክስሎችና በአግድም በተጋደመ አንድ ባሌስትራ ነበር። ኩርባ ውስጥ ፈጥኖ የገባ ነጂ ደንግጦ እግሩን ከቤንዚን ላይ ሲያነሳ የመኪናው ጀርባ ከፍ ይላል፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ሥር ይታጠፍና መሬቱን በጠርዙ ብቻ ይነካል፤ ወዲያው ጀርባው ይሾራል። ፋብሪካው በ1966 ያወጣው ጂቲ6 ጠንካራ ጣሪያ ነበረው። አክስሉ ግን ያው ስለነበር ጠባዩም ያው ሆነ። እርማቱ ለጂቲ6 በ1968፣ ለስፒትፋየር ደግሞ በ1970 መጣ። አሜሪካዊው ጠበቃ ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ በሸቭሮሌ ኮርቬር ላይ ያነሳው ክስም ያነጣጠረው በዚህ ዓይነት አክስል ላይ ነው። ጣሪያ ማጣት በሌላ ጥፋት ተወቀሰ ማለት ይቻላል።

ጣሪያ አለመኖር በእርግጥ የሚያስከፍለው መኪናው ከተገለበጠ በኋላ ነው። መርሴዲስ በ1963 ጄኔቫ ላይ ያሳየው 230 ኤስኤል፣ ከኩባንያው መሐንዲስ ከቤላ ባሬኒ ሐሳብ በመነሳት፣ ፊቱና ኋላው ግጭትን እየተጨማደደ እንዲውጥ፣ የተሳፋሪው ክፍል ግን እንዳይጨማደድ ተደርጎ የተሠራ የመጀመሪያው ስፖርት መኪና ሆነ። ከተሳፋሪው ራስ በላይ ግን አሁንም ምንም አልነበረም። ይህን ክፍተት በ1965 ፖርሽ በፍራንክፈርት ባሳየው 911 ታርጋ ለመሙላት ሞከረ፤ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ሰፊ የብረት ቅስት ቆመ። ስሙ የተወሰደው ታርጋ ፍሎሪዮ ከተባለው የሲሲሊ ውድድር ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ለመገልበጥ አደጋ ሕግ ማርቀቅ ሲጀምር የአውሮፓም የአሜሪካም ፋብሪካዎች የኮንቨርቲብል ዘመን አከተመ ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ ከሕጉ ይበልጥ ጎድቷል። አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1972 የአገሪቱ ምክር ቤት ክፍት መኪናን ከገበያ የማጥፋት ሐሳብ እንዳልነበረው ገለጸ፤ በ1973 ሥራ ላይ የዋለው የጣሪያ ጥንካሬ ደንብም ኮንቨርቲብልን አይመለከትም ነበር። ይሁንና ትራያምፍ በ1975 ቲአር7ን ባለጣሪያ ብቻ አድርጎ አወጣ፤ ካዲላክም በ1976 ኤልዶራዶን የመጨረሻው የአሜሪካ ኮንቨርቲብል እያለ ሸጠ። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ክራይስለር ለባሮን የተባለውን ኮንቨርቲብል ይዞ ተመለሰ።

ወሳኙ ዓመት 1989 ነው። የመርሴዲስ አዲሱ ኤስኤል ከመቀመጫው ኋላ ተኝቶ የሚቆይ የብረት ቅስት ይዞ መጣ፤ መገልበጥ ሊመጣ መሆኑን ሴንሰሮቹ ሲያውቁ ቅስቱ በ0.3 ሰከንድ ብድግ ይላል። በዚያው ዓመት ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን አቀረበ፤ ከመነሻው ክፍት ሆኖ የተነደፈ፣ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል የተከፈለ ቀላል መኪና ነበር። ከባለጣሪያ ተቆርጦ ስላልወጣ የጣሪያ ጉድለት አልወረሰም። በ2012 የወጣው ማክላረን 12ሲ ስፓይደር ይህን አስተሳሰብ ጫፍ አደረሰው፤ ጥንካሬው ያለው ከካርበን ፋይበር በተሠራው ገንዳ ውስጥ ስለሆነ ጣሪያው ሲነሳ ማጠናከሪያ አላስፈለገውም፤ የተጨመረው 40 ኪሎ ግራምም የጣሪያው መክፈቻና መዝጊያ ክብደት ነው።

መንገድ የመሳትን አደጋ በተመለከተ ግን ከየትኛውም ብረት የበለጠ የሠራው በ1995 በመርሴዲስ መኪና ላይ የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ ነው። መኪናው መሪው ካዘዘው አቅጣጫ ሲወጣ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። ስፒትፋየርን ያሾረው ዓይነት ድንጋጤ ዛሬ ነጂው ሳያውቀው ሊታረም ይችላል።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2020 አዳዲስ ኮንቨርቲብሎችን ከባለጣሪያ አቻዎቻቸው ጋር አነጻጽሯል። በተነዱበት ርቀት ልክ ሲሰላ ኮንቨርቲብሎቹ የገጠማቸው ግጭት በ6 በመቶ፣ የነጂዎች ሞትም በ11 በመቶ ያነሰ ነበር፤ የሞቱ ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ የጸና አልነበረም። ኮንቨርቲብል ያለው ሰው መኪናውን በብዛት የሚያወጣው በደህና ቀን ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን የመኪናው ሙገሳ አድርጎ መውሰድ ያስቸግራል። አንድ ነገር ላይ ግን ባለጣሪያው በለጠ፤ ከሞቱት የኮንቨርቲብል ነጂዎች ከመኪናው ተወርውረው የወጡት 21 በመቶ ሲሆኑ በባለጣሪያዎቹ ግን 17 በመቶ ነበሩ። የብረት ቅስቱና የፊት መስታወቱ ፍሬም ከመደርመስ የሚያተርፉት የመቀመጫውን ቦታ ነው፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ደግሞ መኪናው ሲገለበጥ እዚያ ቦታ ላይ አይገኝም።