እግር ላይ ክብደት አስሮ መሮጥ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር)



የሩጫ ቡድናችን ልጆች ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት ከቁጠባችን እንዲገዛላቸው ባለፈው ወር ጠይቀውናል። ለ5 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ያጠነክረናል ነው የሚሉት። ዛሬ የምንወስነው በዚሁ ላይ ስለሆነ፣ አሰልጣኝ ባልሆንም ያየሁትን ልናገር።

የእኔ ልጅ አምና አሸዋ የሞላ ከረጢት እግሯ ላይ አስራ ትሮጥ ነበር። «እማ፣ ስፈታው እኮ እንደ ወፍ ነው የምበረው» ትለኛለች። እውነት ነው፣ ሲፈታ እግር ይቀላል። ሰዓቷ ግን አልተሻሻለም። በሦስተኛው ሳምንት አገዳዋን አመማት፤ ደረጃ መውረድ እንኳ አቃታት። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ጠይቄያለሁ፣ አንብቤአለሁም። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር፣ ለመሮጥ የሚወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያው ክብደት ወገብ ላይ ቢሆን ይህን ያህል አያደክምም፤ እግር ግን በየእርምጃው ይነሳል፣ ይወረወራል፣ መሬት ይመታል። የውድድር ጫማ ሠሪዎች ከጫማው ላይ ግራም ለመቀነስ የሚጨነቁትም ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ገንዘብ ከፍለን ልንጨምር!

«እናቶቻችን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ አይደል የጠነከሩት?» የምትል አትጠፋም። እኔም ተሸክሜአለሁ፤ ከ30 ኪሎ በላይ። ዳገት አልፈራም፣ ፈጣን ግን አላደረገኝም። ወገቤም ብርድ በመጣ ቁጥር ያስታውሰኛል።

ክብደት ለሯጭ አይረባም እያልኩ አይደለም። የሚረባው ቆሞ ሲሠሩበት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ ቀጥሎ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ታቅፎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፤ ሲለመድም ክብደቱን ቀስ በቀስ መጨመር። እንዲህ የጠነከረ ሯጭ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል። ጄሪካን የሌለው ቤት ደግሞ በመካከላችን የለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ገንዘቡ ለጫማ ይዋል የሚል ነው። የሦስቱ ልጆች ጫማ ሶሉ ተበልቶ አልቋል፤ እሑድ ዕለት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰብሳቢያችን ፈቃድዎ ከሆነ በዚህ ላይ ድምፅ ይሰጥበት።