እናታችን የደበቀችን፣ እኛም የደበቅናት

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ቤት ነው፤ ቤቱም የራሳችን ነው። ብዙ ካመነታን በኋላ ልንናገር የወሰንነው እናታችን ስለፈቀደችልን ነው። እንዲያውም «ንገሩ፣ ሌላዋ እንደኔ እንዳትሆን» ያለችን እሷው ናት።

እናታችን የምትኖረው ደሴ ነው፤ ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል። ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ወገቧን አመማት። ብርድ ነው አልን። ዋግምት ተደረገላት፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ወሰደች፣ ማታ ማታ ቁርኣን ተቀራላት። ሕመሙ ግን ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሆነ። አዲስ አበባ አምጥተን ስናስመረምራት ሐኪሙ የወገቧን ፎቶ አይተው ያልጠበቅነውን ጠየቁን፤ «ጡቷ ላይ እብጠት አለ?» እኛ ወንዶቹ አንገታችንን ደፋን። እህታችን ከእናታችን ጋር ወደ መጋረጃው ገብታ ስትወጣ ፊቷን አይተን መልሱን አወቅን።

እብጠቱ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል። መጀመሪያ የሽንብራ ፍሬ ያህል ነበር። ስላላመማት «ምንም አይደለም» ብላ፣ ደግሞም «ይህን ገላ ለማን አሳያለሁ?» ብላ በነጠላዋ ሸፍና ኖረች። ከናሙናው ምርመራ በኋላ የጡት ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ወደ አጥንት ተሰራጭቷል፤ አራተኛ ደረጃ ላይ ነው ተባልን።

እዚህ ላይ እናቶችና እህቶች ጆሮ ይስጡን። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ነው። ብዙ ጊዜ ሲጀምር አያምም፤ የሚያታልለውም ይኸው አለማመሙ ነው። በጡት ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መሰል ፈሳሽ ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ ነጠላ ማጥበቅ አይረዳም። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» እየተባለ በየሠፈሩ የሚወራውም ስንቱን ሰው በቤቱ አስቀርቷል! ናሙና መውሰድ በሽታውን አይበትነውም። ናሙና ካልተወሰደ ግን ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አያውቅም።

ሐያእ ከኢማን ነው፤ ይህን እናታችን ያስተማረችን ነው። ነገር ግን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሩፈይዳ የተባሉት አንሷሪት ሴት በመስጂዱ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር፣ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝም ሲቆስሉ ወደዚያው እንደተወሰዱ እናውቃለን። ሴት ሐኪም ከተገኘች እሰየው፤ ካልተገኘች ወንድ ሐኪም ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል እንዲያይ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። እናታችን ይህን ከአንድ ሸይኽ በሰማች ጊዜ «ከሁለት ዓመት በፊት ማን በነገረኝ!» አለች። ቤታችን ኪታብ የሚቀራበት ቤት ነው። ከእኛ ከልጆቿ አንዳችን እንኳ ነግረናት አናውቅም።

ታዲያ እሷ ደበቀችን ብለን ስናዝን እኛም መደበቅ ጀመርን። ታላቅ ወንድማችን «ከነገርናት ቀልቧ ይሰበራል፤ ማንም እንዳይተነፍስ» ብሎ ወሰነ። «የነርቭ ነው» አልናት። ጅዳ የምትሠራው እህታችን ባለቀሰች ቁጥር በምስል እንዳትደውል ከለከልናት። ጎረቤት ሲመጣ በዓይን እንጠቃቀሳለን። የምርመራውን ወረቀት ከፍራሽ ሥር አስቀመጥን። ሱብሓነላህ! በስልሳ ዓመቷ እንደ ሕፃን ስናታልላት ሦስት ሳምንት አለፈ።

ያወቀችው ከሌላ ሰው ነው። ተራ ስትጠብቅ አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት «እማማ፣ እርስዎ የካንሰር መድኃኒቱ ስንተኛ ዙርዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናታችን ዝም አለች። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን «ልጆቼ፣ እኔም ደበቅኋችሁ፣ እናንተም ደበቃችሁኝ። አሁን ተካካስን» አለችን። ሳቅን፤ ቀጥሎም አለቀስን።

እኛ የፈራነው የቀልብ መሰበር አልመጣም። በዚያው ማታ ወረቀትና እስክርቢቶ አምጡ አለች። ለባለሱቁ የቀረባት ዕዳ ነበር። ወደ ኩዌት የሄደች የጎረቤት ልጅ በአደራ ያስቀመጠችው ወርቅ በሣጥኗ ውስጥ ነበር፤ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀዷ ያላወጣቻቸው የረመዳን ቀኖችም ነበሩባት። ሁሉንም አንድ በአንድ አስጻፈች። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ አጀሏ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ አደራ ተሸክማ በሄደች! ለእሷ አዝነን የሠራነው መስሎን ነበር።

ኑዛዜ ማስጻፍ ሞትን መጥራት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) መካ ውስጥ በጠና ታመው የምሞት ነው ብለው ስለ ንብረታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ ከሲሶ እንዳይበልጥ ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ የኖሩት ከአርባ ዓመት በላይ ነው።

መንገር ሲባል ግን ሁሉን በአንዴ መዘርገፍ አይደለም። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ራሷን ጠየቅናት። የበሽታውን ስምና የሕክምናውን ዓይነት ጠየቀች። የቀረውን ዕድሜዋን አልጠየቀችም፤ እኛም አላነሳንባትም። እሱ በአላህ እጅ ነው።

ሐኪሙ እውነቱን አልሸሸጉንም። አራተኛ ደረጃ የደረሰ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አይነቀልም፤ ነገር ግን ይታከማል፤ እንደ በሽታው ዓይነት ከሕክምናው ጋር ዓመታት የሚኖሩ አሉ። በናሙናው ላይ የሆርሞን ምርመራ ተደርጎ በየቀኑ የምትዋጥ ኪኒን ታዘዘላት፤ ከዚያ በፊት በደም ሥር የሚሰጠውን ወሰደች። ጸጉሯ ሲረግፍ «ሻሽ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» አለች። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳይጠብቅ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የወገቧ ሕመም የቀነሰው ከጨረር ሕክምናው በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ጅማና ሐረርም ተጀምሯል። ከክፍለ ሀገር መጥተው ማረፊያ ለሚያጡ ችግረኛ ሕሙማን ደግሞ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ መጠለያ አለው።

ለሥቃዩ ሞርፊን ሲታዘዝላት «ይህ የሚያሰክር ነገር አይደለም ወይ?» ብላ እምቢ አለች፤ ሶብርም የምታጎድል መሰላት። ሸይኹ መጥተው፣ ሐኪም ለሥቃይ ያዘዘውን በታዘዘው ልክ መውሰድ እንደሚፈቀድ አስረዷት። አዩብ (ዐ.ሰ.) ራሳቸው ጉዳታቸውን ለጌታቸው አቤት ብለው የለምን? ሰላቷን በወንበር፣ ሲብስባትም ጋደም ብላ ትሰግዳለች። የጾሙ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አስቸግሮን ነበር። መዳኑ የማይጠበቅ ሕመምተኛ በእያንዳንዱ ቀን ፋንታ አንድ ሚስኪን እንደሚያበላ ሲነገራት ዕንባዋ መጣ። ኋላ ግን የሠፈሩን ሚስኪኖች ስም ራሷ እየጠራች ታስመዘግበን ጀመር።

ስለ ዘያሪዎችም አንድ ነገር እንበል። ሕመምተኛ መዘየር ታላቅ አጅር አለው። ሆኖም አንዳንዱ ዘያሪ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ «የእክስትም እህት እንዲሁ ጀምሯት ነበር፣ ወሯን አልደፈነችም» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን እናታችን ራሷ «አንተ ልጅ፣ መጥተህ ነው ወይስ ልትቀብረኝ ነው?» አለችው። ዱዓ አድርጎ ቶሎ የሚነሳ፣ ወይም እህታችንን ለግማሽ ቀን አሳርፎ እሱ የሚቀመጥ ምንኛ የተሻለ ነው! የማስታመሙ ሸክም በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ተጥሎ ወንዶቹ ገንዘብ በመላክ ብቻ የሚወጡት አይደለም። እኛም በዚህ በኩል ዘግይተን ነው የነቃነው። አሁን ቀጠሮ የሚያመላልሳት ታላቅ ወንድማችን ነው፤ የመድኃኒቱን ደብተር የሚይዘውም እሱ ነው።

ሐኪሙ እህቶቻችንም እንዲታዩ መክረዋል። አብዛኛው የጡት ካንሰር በዘር የሚወረስ አይደለም፤ ቢሆንም እናቷ የታመመች ልጅ ጥንቃቄዋ መብለጥ አለበት። አንደኛዋ ታይታለች፤ አልሐምዱሊላህ ደኅና ናት። የጅዳዋ ለበዓል ስትመጣ ትታያለች፤ እናታችን በደወለች ቁጥር የምታሳስባት ይህንኑ ነው።

የአደራው ወርቅ ባለፈው ወር ባለቤቷ ከኩዌት ስትመጣ ከእናታችን እጅ ተቀብላዋለች። ከዝርዝሩ ላይም በራሷ እጅ ሰርዛዋለች። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ በዱዓችሁ አትርሱልን።

ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።