የማሽላ ሥር የሚጠራው ማንን ነው?



ዛሬ የምንናገርለት ነገር ከአፈር በታች ተሰውሮ የሚፈጸም ስለ ሆነ፥ ለዐይን የምናሳየው ነገር አላመጣንም፤ በጆሮ ብቻ እንድትከተሉን እንለምናለን።

የማሽላ አገር ልጆች የሆንን ሁሉ አቀንጭራን እናውቃታለን። አበባዋ ያማረ ነው፤ ሥራዋ ግን የሌባ ነው። ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ውሃውንና ምግቡን ትመጠዋለች። ገበሬው ብቅ ስትል አይቶ ይነቅላታል፤ ነገር ግን ብዙው ጉዳት አስቀድሞ ከመሬት በታች ደርሷል። አንዲቱ አቀንጭራ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ዘር ትጥላለች፤ ዘሯም እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን፥ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቈይ ይችላል። ታዲያ ማሽላ በአጠገቡ መብቀሉን በምን ያውቃል?

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ተመራማሪዎች ከጥጥ ሥር ከሚወጣው ፈሳሽ የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ለይተው ስትሪጎል አሉት። (የሚያስገርመው፥ አቀንጭራ ጥጥን አታጠቃም፤ ዘሯ በጥጥ ሥር አጠገብ ቢበቅል የሚጠባው አጥቶ ይሞታል።) የዚህ ወገን ንጥረ ነገሮች ሁሉ ስትሪጎላክቶን ይባላሉ። ነገር ግን ተክል ጠላቱን ስለ ምን ይጠራል? ይህ ጥያቄ 40 ዓመት ያህል ሳይፈታ ቈየ።

በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች የተጠራው ሌላ መሆኑን አሳዩ። እርሱም ከሥር ጋራ ተስማምቶ የሚኖር ደቂቅ ፈንገስ ነው። ጥሪው ሲደርሰው ቀጫጭን ክሮቹን ያበዛል፤ ወደ ሥሩ ይገባል፤ ሥሩ ራሱ ሊደርስበት ከማይችለው አፈር ፎስፎረስ ያመጣለታል። ተክሉም በፈንታው ስኳርና ቅባት ይመግበዋል። አቀንጭራ ግን ሳይጠሯት አቤት ብላ የመጣች ናት።

በ2008 ደግሞ ይኸው ንጥረ ነገር በተክሉ በራሱ አካል ውስጥ ቅርንጫፍ እንዳይበዛ የሚያደርግ ሆርሞን መሆኑ ታወቀ። ፎስፎረስ ያጣ ተክል ቅርንጫፉን ይቀንሳል፤ ጥሪውንም ያበረታል። እኛን እጅግ ያሳሰበን ይህ ነው፤ አቀንጭራ የምትበረታው በደከመ መሬት፥ ይኸውም ማዳበሪያ መግዛት በተቸገረው ገበሬ ማሳ ላይ ነውና።

የአገራችን ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል ባደረጉት ሥራ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዘሮች ወደ አገራችን ገበሬ የደረሱት ከዚሁ ሥራ ነው። የአንዳንዱ ተቋቋሚ ማሽላ ምሥጢር በ2017 ሲገለጥ፥ ሥሩ መጣራቱን ትቶ ሳይሆን የጥሪውን ቃል ለውጦ ተገኘ። በተለመደው ንጥረ ነገር ፈንታ ኦሮባንኮል የተባለውን አብዝቶ ያፈሳል። የአቀንጭራ ዘር ይህን እምብዛም አይሰማም፤ ፈንገሱ ግን ይሰማዋል።